የጳጉሜን ድል እስከ ኅዳር ጽዮን ይዘልቃል ወይ?

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል የሚጀመረው እኛ ዘመን ለመለወጥ በምንሰናዳበት ሰሞን ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የመጀመሪያው ኳስ ይመታል፤ እንቁጣጣሽ ሲደርስ አብዛኛው ቡድን አንድ ሁለት ጨዋታ ጨርሷል፤ 12 ጨዋታ ያለው መደበኛ ውድድር ደግሞ ኅዳር ጽዮን ግድም ይጠናቀቃል። በጳጉሜን የተገኘ ድል ገና ቡቃያ ነው። ቡቃያው እሸት ይሁን አረም ግን ከጨዋታው ከራሱ ብዙ ማንበብ ይቻላል።

ለዚህ ንባብ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን ያህል ጥሩ ምሳሌ የለም። ዩኒቨርሲቲው ያለበት ኮሌጅ ፓርክ ከዋሽንግተንና ከሲልቨር ስፕሪንግ ጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ብዙ የኛ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሚልኩበት ግቢ ስለሆነ ቀይ ማልያው በየቤቱ ይታወቃል። ይህ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 የመክፈቻ ጨዋታውን ያደረገው ኦስቲን ድረስ ሄዶ ነው፤ በአገሪቱ 23ኛ ተብሎ የነበረውን ቴክሳስን 51 ለ 41 አሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ ግን 4 ድልና 8 ሽንፈት ይዞ ቀረ። በ2018 መክፈቻ ላይ ያንኑ ቴክሳስን፣ አሁንም 23ኛ ሆኖ ሳለ፣ ላንድኦቨር ላይ 34 ለ 29 ደገመው፤ ዓመቱ በ5 ድልና በ7 ሽንፈት ተዘጋ። በ2019 ደግሞ ሃዋርድን 79 ለ 0፣ በሳምንቱ 21ኛ የነበረውን ሲራኪዩስን 63 ለ 20 ረታ። በሁለት ጨዋታ 142 ነጥብ! ሜሪላንድ ራሱ ከ25ቱ ምርጦች ተርታ ገባ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በቴምፕል 20 ለ 17 ተሸነፈ፤ ቆየት ብሎ ፔን ስቴት 59 ለ 0 አሸነፈው፤ ዓመቱም 3 ለ 9፣ ማለትም በ3 ድልና በ9 ሽንፈት፣ አለቀ። ሦስት ያማሩ ጅማሮዎች፣ በሦስቱም ዓመት ተደምሮ ከ36 ጨዋታ 12 ድል።

እነዚያ ድሎች ሐሰት አልነበሩም። በሜዳ ላይ የተገኙ፣ የተለፋባቸው ድሎች ናቸው። ጥያቄው በአንድ ድል ውስጥ ካለው ነገር የትኛው በሚቀጥለው ቅዳሜ ይደገማል፣ የትኛውስ እዚያው ሜዳ ላይ ይቀራል የሚለው ነው።

ለአዲስ ተመልካች ሕጉን ባጭሩ እናስቀምጥ። ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም ከ9 ሜትር ትንሽ ዘለግ ያለ ርቀት፣ ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። 10 ያርዱን ከሞላ አራት አዲስ ሙከራ ያገኛል። ካልሞላ ኳሱ ለተጋጣሚ ይሆናል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ሙከራ ኳሱን በእግር አርቆ ይመታል፣ ወይም ከቀረበ በቋሚዎቹ መካከል አሳልፎ 3 ነጥብ ለመውሰድ ይሞክራል። ኳሱን እስከ መጨረሻው ክልል ያደረሰ ተችዳውን አገባ ይባላል፤ 6 ነጥብ ነው፣ ከዚያ በሚከተለው ምት አንድ ይጨመራል። ጨዋታው አራት ሩብ ነው፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። በአንድ ጨዋታ አንድ ቡድን 70 ገደማ ሙከራ ያደርጋል። ድልን የምንመዝነው በእነዚህ 70 ሙከራዎች ነው፤ የውጤት ሰሌዳው ብቻውን አይበቃም።

ማንን አሸነፍን?

ከውድድሩ በፊት የሚወጣው የ25 ቡድኖች ደረጃ የጋዜጠኞች ድምፅ ነው። ድምፅ ሰጪዎቹ ያኔ ያዩት ያለፈውን ዓመት ውጤት፣ የክለቡን ስምና የአዳዲስ ተጫዋቾችን ዝርዝር ነው፤ አንድም ጨዋታ አልተደረገም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት 23ኛውን አሸነፍን ማለት ስለዚያ ቡድን የተሰጠውን አስተያየት አሸነፍን ማለት ነው። ሜሪላንድ 63 ነጥብ ያስቆጠረበት ሲራኪዩስ በዚያው ዓመት 5 ድልና 7 ሽንፈት ይዞ ጨረሰ።

የዚህ ዓይነቱ ነገር በሌላም ቦታ ደጋግሞ ታይቷል። በ2016 መክፈቻ ቴክሳስ 10ኛ የነበረውን ኖትር ዳምን በሁለት ጭማሪ ክፍለ ጊዜ 50 ለ 47 ሲያሸንፍ አገር ምድሩ የቴክሳስ ዘመን ተመለሰ አለ። ቴክሳስ ዓመቱን 5 ለ 7፣ ኖትር ዳም 4 ለ 8 ጨረሱ። በ2023 ኮሎራዶ በአዲስ አሰልጣኙ በዲዮን ሳንደርስ እየተመራ፣ ያለፈው ዓመት የፍጻሜ ተፋላሚ የነበረውን ቲሲዩን (የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲን) 45 ለ 42 አሸነፈ። ኮሎራዶ 4 ለ 8፣ ቲሲዩ 5 ለ 7። ሁለቱም ጨዋታ ለዓይን ድንቅ ነበሩ። ነጥቡ እንደዚያ የበዛው ግን የሁለቱም ወገን ተከላካይ ክፍል ልል ስለነበረ ነው፤ ያ ልልነት ዓመቱን ሙሉ አብሯቸው ኖረ። ሁለቱም ቡድን ከ40 በላይ ያስቆጠረበትን የመክፈቻ ድል ስታዩ ያሸነፈው ቡድን አጥቂ ክፍል ብቻ አይማርካችሁ፤ ያሸነፈው ቡድን ስንት እንደገባበት ልብ በሉ።

ከታችኛው እርከን የሚመጡ ተጋጣሚዎችም አሉ። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከታች ያለውን ቡድን ገንዘብ ከፍለው ወደ ሜዳቸው ይጋብዛሉ፤ ታናሹ ለበጀቱ ይመጣል፣ ታላቁ ለድሉ ይጋብዛል። ለረጅም ዓመታት የላይኛው እርከን 85 ተጫዋቾችን፣ የታችኛው 63 ያህል ብቻ በሙሉ ነፃ ትምህርት መያዝ ይችሉ ነበር፤ ክፍተቱ በተለይ በሦስተኛው ሩብ፣ ተቀያሪዎች ሲገቡ ይታያል። የሃዋርድ 79 ለ 0 የዚህ ዓይነት ጨዋታ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነጥብ መቁጠር ከንቱ ነው። የሚጠቅመው በመጀመሪያው አጋማሽ ስንት ጥፋት ፈጸምን፣ ኳርተርባኩ፣ ማለትም አጥቂውን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ፣ ሳይነካ ስንቴ ወረወረ የሚለው ነው።

ነጥቡ እንዴት መጣ?

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር ከየት እንደመጣ ጻፉ፦ አጥቂው ራሱ ረጅም መንገድ ገፍቶ ነው? ከተጋጣሚ የተነጠቀ ኳስ ነው? ወይስ የተመታ ኳስ ተይዞ ወደ ኋላ ተመልሶበት?

በ2017ቱ የኦስቲን ጨዋታ ይህ ሥራ አንድ ደስ የሚል ነገር ያሳያል። ቴክሳስ ካገባቸው ተችዳውኖች ሦስቱ ከአጥቂው የመጡ አልነበሩም። አንዱ የተጠለፈ ኳስ ነበር፣ አንዱ ተደርቦ የተመለሰ የሜሪላንድ የ3 ነጥብ ምት፣ አንዱ ደግሞ ከ91 ያርድ የተመለሰ ረጅም ምት። እነዚህ ሦስቱ ሲነሱ የሜሪላንድ ተከላካይ ከ41 ነጥብ ግማሹን ያህል ብቻ ነው የፈቀደው። ስለዚህ ድሉ ሰሌዳው ከሚለው የበለጠ ጠንካራ ነበር። ያን ቀን የተደሰተ ደጋፊ አልተሳሳተም። ዓመቱ የተበላሸው በሌላ ምክንያት ነው፤ እንደርስበታለን።

የ2018ቱ ድል ለየት ይላል። ሜሪላንድ 24 ለ 7 መርቶ፣ 29 ለ 24 ተመርቶ፣ በመጨረሻ 34 ለ 29 አሸነፈ። በአራተኛው ሩብ ቴክሳስ ኳሱን ደጋግሞ አስረከበ፤ ውጤቱን የወሰነው ይህ ነው። ኳስ ማስረከብ በግምት ከ4 እስከ 5 ነጥብ ያህል ዋጋ አለው፤ ሁለት ኳስ ከተቀበላችሁ በ5 ነጥብ ያሸነፋችሁት ጨዋታ ያለ እነዚያ ስጦታዎች ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። መሬት ላይ የወደቀ ኳስን ማን ያነሳዋል የሚለው ለረጅም ጊዜ ሲታይ ከእኩል በእኩል ዕድል አይርቅም፤ ኳሱ ሞላላ ስለሆነ እንዴት እንደሚነጥር ማንም አያውቅም። የተወረወረ ኳስም እንዲሁ ነው፤ ተከላካይ በእጁ ከነካቸው ኳሶች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ነው በእጁ የሚቀረው። ስለዚህ የተጠለፉትን ብቻ ሳይሆን የተነኩትን ሁሉ ቁጠሩ። 3 ጠልፈው 4 ብቻ የነኩ ተከላካዮች ዕድል ቀንቷቸዋል፤ 1 ጠልፈው 9 የነኩ ግን በሚቀጥሉት ሳምንታት የበለጠ ይጠልፋሉ።

ስለዚያ የ2018 ጨዋታ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። በዚያው ክረምት አንድ የሜሪላንድ ወጣት ተጫዋች በልምምድ ላይ በሙቀት ምት ታሞ ሕይወቱ አልፏል። የቡድኑ አጥቂ የመጀመሪያ ሙከራውን ሲያደርግ በ11 ፈንታ በ10 ሰው ተሰልፎ ቦታውን ክፍት ተወለት፤ ዳኛው በሰዓት መዘግየት ቅጣት ቢሰጥም ቴክሳስ ቅጣቱን አልቀበልም አለ። እንደዚያ ያለ ቀን በቁጥር አይለካም፤ መለካትም አያስፈልገውም።

አማካይ ያርድና የሳክ ወጥመድ

ሰሌዳውን ከተዋችሁ በኋላ ከሁሉ የሚጠቅማችሁ ቁጥር አጠቃላይ ያርድ ለሙከራ ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ነው። 420 ያርድ በ70 ሙከራ 6 ያርድ ይሆናል። ከ5 በታች ደካማ፣ ከ5.5 እስከ 6 መካከለኛ፣ ከ7 በላይ ድንቅ ነው ብላችሁ ያዙት። የተጋጣሚውንም አስሉ፤ ልዩነታቸውን ተመልከቱ። በአንድ ያርድ በልጦ የተሸነፈ ቡድን አለ፣ በአንድ ያርድ ተበልጦ ያሸነፈም አለ። ሁለተኛው ነው ሊያሳስበን የሚገባ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። በኮሌጅ ፉትቦል ኳርተርባኩ ሳይወረውር ሙከራው ከተጀመረበት መስመር ኋላ ሲጣል፣ ማለትም ሳክ ሲሆን፣ የጠፋው ያርድ የሚቀነሰው ከሩጫ ነው። በሙያተኞቹ ሊግ ግን ከውርወራ ይቀነሳል። ስለዚህ በኮሌጅ የሩጫ ቁጥር ላይ ብቻ ተመሥርቶ መፍረድ ያሳስታል። እንበልና ቡድናችን 30 ጊዜ ሮጦ 150 ያርድ አገኘ፤ በአማካይ 5 ያርድ፣ ጥሩ ነው። ኳርተርባኩ 4 ጊዜ ተጥሎ 28 ያርድ ጠፋ። ይፋ በሚወጣው ወረቀት ላይ 34 ሩጫ፣ 122 ያርድ፣ አማካይ 3.6 ተብሎ ይጻፋል። ያነበበ ሰው መሮጥ አልቻሉም ይላል። ሩጫው ደህና ነበር፤ የተበላሸው የኳርተርባኩ ጥበቃ ነው። ሁለቱ በሽታዎች መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሳኩን አውጥታችሁ ሩጫውን እንደገና አስሉት።

ቤት ሆናችሁ የምትችሉት ሌላው ሥራ የእያንዳንዱን ሙከራ ስኬት መመዝገብ ነው። በመጀመሪያ ሙከራ ከሚያስፈልገው ርቀት ግማሹን፣ በሁለተኛው 70 በመቶውን፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሙሉውን ያገኘ ሙከራ ተሳክቷል፤ ያላገኘ አልተሳካም። ለምሳሌ 10 ያርድ ሲቀር በመጀመሪያው ሙከራ 5 ማግኘት ይበቃል፤ በሁለተኛው ላይ 10 ቀርቶ ከሆነ 7 ያስፈልጋል። አንድ መስመር ለአንድ ሙከራ፣ ምልክት ብቻ። 40 በመቶ ገደማ የተለመደ ነው፤ 50 ከደረሰ አጥቂው በእርግጥ እየሠራ ነው። በሁለት ወይም በሦስት ረጅም ሩጫ የታገዘ 450 ያርድ ከ35 በመቶ ስኬት ጋር ከመጣ ግን ጠንካራ ተጋጣሚ እነዚያን ሁለት ሦስት ሩጫዎች ሲዘጋ ባዶ እጅ ያስቀራል። ልዩነቱ ከ16 ነጥብ በላይ በሆነ የአራተኛ ሩብ የተደረጉትን ሙከራዎች አትቁጠሩ፤ ያኔ አንዱ ሰዓት እየገደለ፣ ሌላው ተቀያሪ እያስገባ ነው።

ከጀርባ ማን አለ?

የሜሪላንድ ዓመታት የሚፈርሱበት ዋናው ቦታ ይህ ይመስለናል። በ2017 ኦስቲን ላይ ዋናው ኳርተርባክ በሦስተኛው ሩብ ጉልበቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበት ወጣ። ተተኪው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ገብቶ ጨዋታውን አሸንፎ ወጣ። ይህ ልጅ በሦስተኛው ጨዋታ ከዩሲኤፍ (ከሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ) ጋር ሲጫወት እርሱም በጉልበት ጉዳት ዓመቱን አጣ። መስከረም ሳያልቅ ቡድኑ በሦስተኛው ኳርተርባክ መጫወት ጀመረ፤ ከፊቱ ደግሞ ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺጋን፣ ፔን ስቴትና ሚሺጋን ስቴት ነበሩ። ከቴክሳስ በኋላ የተገኙት ሦስት ድሎች ከታውሰን፣ ከሚኒሶታና ከኢንዲያና ብቻ ናቸው።

ኳርተርባክ ስለሚታይ እንጂ ችግሩ በፊት መስመሩ ይብሳል። 130 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች በየሙከራው ይጋጫሉ፤ ቁርጭምጭሚት፣ ትከሻ፣ ጣት ይጎዳል። ትልቅ ቡድን የሚያሰልፈው ተቀያሪ ከዋናው ብዙም አያንስም፤ መካከለኛ ቡድን ላይ ከሰባተኛው ሰው በኋላ ልዩነቱ ይሰፋል። በመክፈቻው ላይ ሁሉም ጤነኛ ስለሆነ ይህ ልዩነት አይታይም። የሚታይበት ዘዴ ግን አለ፦ በተከላካይ የፊት መስመር ላይ በመጀመሪያው አጋማሽ ስንት የተለያየ ቁጥር እንደሚሰለፍ ቁጠሩ። ጨዋታው ገና ሳይወሰን 8 ሰው እያፈራረቀ የሚጫወት አሰልጣኝ በልጆቹ ይተማመናል። በነሐሴ ሙቀት 5 ሰው ብቻ ይዞ 75 ሙከራ የጨረሰ ቡድን በጥቅምት ዋጋ ይከፍላል። ከ2018 ጀምሮ አንድ ተጫዋች እስከ አራት ጨዋታ ተሰልፎ ለመጫወት ከሚፈቀዱለት ውስን ዓመታት አንዱን ሳያቃጥል እንዲቆይ ተፈቅዷል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማታውቋቸው ወጣቶች ሲገቡ ማየታችሁ አሰልጣኙ ጓዳውን እየፈተሸ ነው ማለት ነው።

ፊልሙ ሲበዛ

በመክፈቻ ጨዋታ ተጋጣሚ ስለ እናንተ የሚያውቀው ያለፈውን ዓመት ብቻ ነው። ተጫዋቾች በቀላሉ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ በሚዘዋወሩበት በዛሬው ጊዜ ያ እውቀት ግማሹ ያረጀ ነው። አዲስ አሰልጣኝ፣ አዲስ ኳርተርባክ፣ አዲስ አሰላለፍ ሁሉ ለሁለት ሦስት ሳምንት ድንገተኛ ነው። በአምስተኛው ጨዋታ ግን ተጋጣሚ የአራት ጨዋታ ፊልም ይዞ ይመጣል፤ ወደ 280 ሙከራ። በሦስተኛ ሙከራ ላይ 7 ያርድ ሲቀር ወዴት እንደምትወረውሩ፣ የቀኙ ጠባቂ እግሩን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ተጠንቷል።

የተሸነፈው ወገንም ይማራል። በ2014 ቨርጂኒያ ቴክ ኮለምበስ ሄዶ ኦሃዮ ስቴትን 35 ለ 21 አሸነፈ፤ ተከላካዩን ሁሉ ወደ ፊት አስጠግቶ ሩጫውን ዘጋ፣ ወጣቱን ኳርተርባክ 7 ጊዜ ጣለ። የኦሃዮ ስቴት የፊት መስመር አብዛኛው አዲስ ነበር፤ ዋናው ኳርተርባክም ከውድድሩ በፊት ተጎድቶ ነበር። ሌሎች ቡድኖች ያንን አሰላለፍ ሊኮርጁ ሞከሩ፤ ኦሃዮ ስቴት ግን መፍትሔውን ሠርቶ ከዚያ በኋላ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ኦሪገንን 42 ለ 20 ረትቶ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ቨርጂኒያ ቴክ በሚቀጥለው ሳምንት በኢስት ካሮላይና ተሸነፈ፤ ዓመቱን 7 ለ 6 ጨረሰ። ቴክሳስም ከ2018ቱ ሽንፈት በኋላ 10 ጨዋታ አሸንፎ፣ ከመደበኛው ውድድር በኋላ ከሚደረጉት የቦውል ጨዋታዎች በአንዱ፣ በሹገር ቦውል፣ ጆርጂያን 28 ለ 21 ረትቶ ነው ዓመቱን የዘጋው። ሜሪላንድ ያሸነፈው በእርግጥ ጥሩ ቡድን ነበር፤ ጥሩ የሆነው ግን በኋላ ነው።

ታዲያ የሚዘልቅ ድል አለ? አለ። ሜሪላንድ በ2021 ዌስት ቨርጂኒያን 30 ለ 24 አሸንፎ ከፈተ፣ 7 ለ 6 ጨረሰ፤ በ2023 አምስቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች አሸንፎ 8 ለ 5 ሆነ፣ አውበርንንም 31 ለ 13 ረታ። በሁለቱም ዓመት ያው አንድ ኳርተርባክ፣ ታውሊያ ታጎቫይሎዋ፣ ነበር ከመጀመሪያ እስከ መደበኛው ውድድር መጨረሻ የመራቸው። ሜሪላንድ በጥሩ ዓመቱ እንኳ በጥቅምት ከኦሃዮ ስቴት ጋር እኩል ሆኖ አይወጣም፤ በመካከለኛዎቹ ላይ ግን ያሸንፋል። ለቦውል ጨዋታ የሚያበቃው 6 ድል የሚሰበሰበውም ከእነርሱ ነው፤ ከታችኛው እርከን የተገኘ ድል ደግሞ ከስድስቱ ውስጥ አንዱ ብቻ ይቆጠራል።

ስለዚህ በመክፈቻው የያዛችሁትን ወረቀት አትጣሉት፤ አራተኛውና አምስተኛው ጨዋታ ላይ አጠገባችሁ አስቀምጡት። በ2025 ሜሪላንድ አራቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች አሸነፈ፤ አራተኛው ዊስኮንሰንን በዊስኮንሰን ሜዳ 27 ለ 10 የረታበት ነበር። በአምስተኛው ዋሽንግተንን 20 ለ 0 እየመራ 24 ለ 20 ተሸነፈ፤ ከዚያም አንድም ሳያሸንፍ 4 ለ 8 ጨረሰ። እንዲህ ባለው ጨዋታ የሚታየው ሁለተኛው አጋማሽ ነው። ከዕረፍት መልስ ኳስ በሚይዝባቸው የመጀመሪያ ሦስት ተራዎች የአጥቂው ስኬት ከመጀመሪያው አጋማሽ በ10 በመቶ ያህል ወርዶ እንደሆነ፣ በፊት መስመር የሚሰለፉት ቁጥሮች ከስምንት ወደ አምስት አንሰው እንደሆነ ቁጠሩ።